ሆርሞኑ ድምፄን አልነካውም፤ ኦፕራሲዮን ልግባ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። (ትራንስ ሴት የሚባሉት ሲወለዱ ወንድ ተብለው ሴት ሆነው የሚኖሩ ናቸው።)

«31 ዓመቴ ነው። ትራንስ ሴት ነኝ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ኤስትሮጅን፣ የሴት ሆርሞኑን፣ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ፊቴም ቆዳዬም ተለውጧል፤ ድምፄ ግን ንቅንቅ አላለም። ፊት ለፊት "እህቴ" ያለኝ ሰው አፌን ስከፍት ይደነግጣል። ስልክ ላይማ በቃ "ወንድሜ" ነኝ፤ ሥራዬ ደግሞ ስልክ ማንሳት ነው። ሴኡል ውስጥ ድምፅ የሚያቀጥን ኦፕራሲዮን አለ ብለውኝ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። እውነት ይሠራል? አደጋውስ? ዩቲዩብ ላይ ያሉት ልምምዶች አይበቁም? ሌላም ነገር አለ። እናቴ አዲስ አበባ ናት። በየእሑዱ እንደዋወላለን። ምንም አልነገርኳትም።»

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

መጀመሪያ ማን እንደምትመልስልሽ ልንገርሽ። የንግግርና የድምፅ ቴራፒስት ነኝ። ቀዶ ሐኪም አይደለሁም፤ ቢላ ይዤ አላውቅም። ሰዎች ጉሮሯቸውን ከመሠራታቸው በፊትና ከተሠሩ በኋላ እኔ ጋ ይመጣሉ። ስለዚህ ኦፕራሲዮኑን የማውቀው በውጤቱ በኩል ነው። ያማረውንም ያላማረውንም አይቻለሁ።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ይሠራል። ድምፅ ያቀጥናል። መናገር ግን አያስተምርም። ሌላም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ልዩነት አለ። ልምምድ ሌላ ድምፅ ይጨምርልሻል፤ ኦፕራሲዮን ግን የነበረሽን ይወስዳል። የእናትሽን ነገር ስላነሳሽ ወደዚህ እመለሳለሁ።

በሆርሞኑ አትናደጂ። በጉርምስና ጊዜ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን የድምፅ አውታሮችን አስረዝሞ ያወፍራቸዋል። ማንቁርቱን ያተልቀዋል፣ አንገት ውስጥም ዝቅ ያደርገዋል። ይህ አንዴ ከሆነ ኤስትሮጅን አይመልሰውም። አናጺው ሄደ ማለት ቤቱ ፈረሰ ማለት አይደለም። ሦስት ዓመት ጠብቀሽ ምንም ካላየሽ፣ አሥር ዓመት ብትጠብቂም ያው ነው። መጠን ጨምሩልኝ ብለሽ ሐኪምሽን ብታስጨንቂም ለድምፅሽ የሚፈይደው የለም።

ትንሽ ቁጥር ልስጥሽ። የድምፅ አውታሮች ማንቁርት ውስጥ ያሉ ሁለት እጥፋቶች ናቸው። አየር ሲያልፍባቸው ይርገበገባሉ። የሚርገበገበው ክፍል በአዋቂ ወንድ 16 ሚሊሜትር ገደማ፣ በሴት 10 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በሰከንድ ስንቴ እንደተርገበገበ የሚለካው በሄርዝ ነው። አብዛኛው ወንድ ሲያወራ ከ100 እስከ 130 ሄርዝ አካባቢ ነው። አብዛኛዋ ሴት ከ180 እስከ 220 አካባቢ ናት። መሃል ላይ፣ 150 እና 160 ዙሪያ፣ ጆሮ ይወላውላል።

የኛ ቋንቋ ይህን መወላወል ያጋልጠዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ዩ» ብሎ ያልፋል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ መወሰን አለበት። ግራ ሲገባው ምን ያደርጋል? «እርስዎ» ይላል። የደንበኞቼን መሻሻል የማውቅበት አንድ ምልክት ይህ ነው። መጀመሪያ ስልክ ላይ «ወንድሜ» ይባላሉ። ከወራት ልምምድ በኋላ የ25 ዓመት ልጆች በድንገት «እርስዎ» መባል ይጀምራሉ። እየሳቁ ይነግሩኛል። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ ከ«እርስዎ» ቀጥሎ ያለው «እህቴ» ነው።

ወደ ኦፕራሲዮኑ ልግባ። ሁልጊዜ በማሲንቆ ነው የማስረዳው። ማሲንቆ አንድ ክር አለው፣ የፈረስ ጭራ። ድምፁን ለማቅጠን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ራስጌ ያለውን መቃኛ ጠምዝዞ ክሩን መወጠር ነው። ሁለተኛው በጣት ክሩን ይዞ የሚርገበገበውን ክፍል ማሳጠር ነው። አዝማሪው ዜማ የሚያወጣው በዚህኛው ነው። ታች ደግሞ በቆዳ የተለበጠው ሳጥን አለ። ክሩ ያው ሆኖ ሳጥኑ ቢተልቅ፣ ያው ዜማ ወፍሮ ይሰማል። አንቺ ዘንድ ክሩ የድምፅ አውታሮችሽ ናቸው፤ ሳጥኑ ከነሱ እስከ ከንፈርሽ ያለው መንገድ ነው።

መቃኛውን የመጠምዘዙን ኦፕራሲዮን ያስተዋወቁት ጃፓናዊው ሐኪም ኖቡሂኮ ኢሺኪ ናቸው። የማንቁርት ልም አጥንቶችን የሚያስተካክሉ አራት ዓይነት ቀዶ ሕክምናዎችን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትመው ነበር፤ አራተኛው ይህ ነው። አንገት ላይ ይቀደድና ሁለት ልም አጥንቶች በክር ተስበው ይቀራረባሉ። በዚህ የድምፅ አውታሮቹ ይወጠራሉ። ለዓመታት ብዙ ተሠርቷል። እኔ ግን ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሰው አልመክርም። የተወጠረ ክር ይላላል፤ ብዙዎች ላይ ድምፁ በጊዜ ብዛት ተመልሶ ይወርዳል። በዚያ ላይ እኔና አንቺ ድምፃችንን ከፍ ዝቅ የምናደርግበት ጡንቻ ሥራው ያንኑ መሳብ ነው። አስቀድሞ ተስቦ ከታሰረ ምን ይስባል? ንግግሩ ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ዜማ ያጣል። ጠባሳውም አንገት ላይ ነው።

ጣት የማሳረፉ ዛሬ ብዙ ቦታ የሚሠራው ነው፣ ግሎቶፕላስቲ ይባላል። በርሊን በሚገኘው የሻሪቴ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዩርገን ቬንድለር እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረቡት ነው፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ሙሉ ሰመመን ይሰጥሻል። አንገትሽ አይነካም፤ ሁሉም ነገር በአፍሽ በኩል ነው። ሐኪሙ ከሁለቱ አውታሮች የፊተኛውን ሲሶ ያህል ስስ ሽፋን ይገፍፈዋል። ከዚያ የተገፈፉትን ሁለት ጠርዞች ገጥሞ ይሰፋቸዋል። ቁስሉ ሲድን አንድ ላይ ይያያዛሉ። የሚርገበገበው የኋላው ክፍል ብቻ ይሆናል። ክሩ አጠረ ማለት ነው። አንዳንዶች የቀረውን ክፍል በሌዘር ትንሽ ያቀጥኑታል።

አንቺ የሰማሽው የሴኡሉም የዚሁ ዘመድ ነው። ሐኪሙ ኪም ህዩንግ-ቴ የራሳቸው አሠራር አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የ12 ዓመት ልምዳቸውን፣ ከ300 በላይ ታካሚዎችን ውጤት አሳትመዋል። ሰው የሚጎርፍላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን አሜሪካ ውስጥም ግሎቶፕላስቲ የሚሠሩ የማንቁርት ሐኪሞች አሉ፤ ባልቲሞርና ዋሽንግተን አካባቢ ካሉት ትልልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ሳትጠይቂ ፓስፖርት አታውጪ። የምለው ለዋጋው ብዬ ብቻ አይደለም። ስፌቱ በሦስተኛው ሳምንት ቢላላ፣ ሴኡል ውስጥ የሰፉልሽ ሐኪም አሥራ ምናምን ሰዓት በረራ ርቀው ነው ያሉት። እዚህ ያለው ሐኪም ደግሞ የሌላ ሰው ስፌት መንካት ላይወድ ይችላል። ከሩቅ ተሠርተው የመጡና እዚህ የሚያያቸው አጥተው የተንከራተቱ ሰዎች ገጥመውኛል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ክሩንም ሳጥኑንም አብሮ ይነካል። አንገት ተከፍቶ የማንቁርቱ የፊት ክፍል ይቆረጣል፣ አውታሮቹ ያጥራሉ፣ አንዳንዴም ማንቁርቱ ወደ ላይ ተስቦ ይታሰራል። የታይላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመውታል፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የኦሬገን ፖርትላንዱ ሐኪም ጄምስ ቶማስ አስፋፍቶታል። ከሁሉም ከበድ ያለ ነው። ጨርሶ በልምምድ ላልሆነላቸው ሰዎች ይታሰባል እንጂ ካንቺ ነጥብ ተነስቼ እዚያ አልሄድም።

ማንቁርት መላጨት የሚባለውን ከዚህ ጋር አታደባልቂ። እሱ አንገት ላይ ጉብ ያለውን አጥንት መሰል ነገር ለማሳነስ ነው፣ ለመልክ ነው። ድምፅ አያቀጥንም። እንዲያውም ከልክ በላይ ከተላጨ የድምፅ አውታሮቹ የተያያዙበት ቦታ ይለቅና ድምፁ ይወፍራል። ሴትነት ፍለጋ ገብተሽ ወፍራም ድምፅ ይዘሽ መውጣት ማለት ነው። ከማንም በላይ የማዝነው በዚህ መንገድ ለተጎዱት ነው። ያንን የምታስቢ ከሆነ፣ የድምፅ አውታሮቹን ቦታ በካሜራ እያየ የሚላጭ ሐኪም ፈልጊ።

አሁን ስለ ሳጥኑ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ይህን ሞክሪ። ጣትሽን ማንቁርትሽ ላይ አድርጊና ምራቅሽን ዋጪ። ሽቅብ ሲወጣና ሲወርድ ይሰማሻል። አሁን በሹክሹክታ «ሃ» በይ። ሹክሹክታ ላይ አውታሮቹ አይርገበገቡም፤ ስለዚህ የምትሰሚው ሳጥኑን ብቻ ነው። አሁንም በሹክሹክታ፣ ለመዋጥ እንደጀመርሽ ያህል ማንቁርትሽን ትንሽ ከፍ አድርገሽ፣ ምላስሽን ወደ ፊት አምጥተሽ «ሃ» በይ። የመጀመሪያው ጋን ውስጥ የተነፈሰ ይመስላል፤ ሁለተኛው ስኒ ውስጥ። ጋኑና ስኒው ናቸው ልዩነቱ። ከአውታሮቹ እስከ ከንፈር ያለው መንገድ በወንድ 17 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ በሴት ወደ 14 ይጠጋል። የሰሚ ጆሮ ይህን ርዝመት ሳያውቀው ይለካል።

ግሎቶፕላስቲ ይህን መንገድ አይነካውም። ስለዚህ ክሩ አጥሮ ሳጥኑ ትልቅ የሆነባቸው ሰዎች አሉ። አንዷ 120 ሄርዝ ገብታ 190 ሆና ወጣች። ቁጥሩ ድንቅ ነው። ስልክ ስታነሳ ግን አሁንም «ወንድሜ» ይሏታል፤ ቀጭን ድምፅ ያለው ወንድም። ገንዘቧን ሁሉ አፍስሳ እኔ ጋ ስትመጣ «ታዲያ ምን ጎደለኝ?» ብላ አለቀሰች። የጎደላት ስኒው ነበር። በአምስት ወር ሠራነው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ብንሠራው ኖሮ ምናልባት ኦፕራሲዮኑ ራሱ ባላስፈለገም ነበር፤ ይህን ግን ለእሷ አላልኳትም።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ለትራንስ ሰዎች ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተመው ስምንተኛ እትሙ ለድምፅ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ቀዶ ሕክምና የሚያስቡ ሰዎች ከድምፅ ባለሙያ ጋር እንዲሠሩ ይመክራል። የኔ ምክር ከዚያ ጠንከር ይላል፦ ከስድስት ወር እውነተኛ ልምምድ በፊት የኦፕራሲዮን ቀን አትቁረጪ።

ዩቲዩብ ይበቃል ወይ ላልሽው፣ ለጀማሪ መጥፎ አይደለም። ጥሩ ጥሩ ትራንስ ሴት አሠልጣኞች አሉ። ችግሩ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ተለማምደው የመጡ ደንበኞች አሉኝ። እንግሊዝኛ ሲያወሩ ሸጋ ሴቶች ናቸው። «እስቲ አማርኛ አውሪኝ» ስላቸው ድምፁ ደረጃ ለደረጃ ይወርዳል፤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ታች ደርሷል። አማርኛውን የለመዱት በልጅነታቸው በነበራቸው ጉሮሮ ነዋ። የአማርኛው ልምምድ ለብቻው መሠራት አለበት። «ኧ» እና «እ» በየቃሉ አሉ፣ ምላስ መሃል ላይ ተኝታ የምትወጣቸው። ደንበኞቼ የሚሰምጡት እነሱ ላይ ነው። ከ«ኢ» እና ከ«ኤ» እንጀምራለን፤ ምላስ እዚያ ወደ ፊት መምጣት ትወዳለች። «ሲኒ»፣ «ቤቴ»፣ «ሚኒስቴር» እያልን ቆይተን ነው ወደ «ነገር» የምንሻገረው።

ቤትሽ መጀመር የምትችይው አንድ ነገር አለ። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትሮ ክተቺ። በስትሮው ውስጥ «ኡ» እያልሽ ውሃውን አፍይው። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ እንደ አምቡላንስ። ሦስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። አውታሮቹ ሳይጋጩ ይፍታታሉ። ጉሮሮሽ ካመመሽ ወይም ድምፅሽ ከሻከረ አቁሚ። ሕመም ማለት እየገፋሽ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ኦፕራሲዮኑ ለማን ነው? ይህን በሐቀኝነት ልመልስ፤ የኔ ሙያ ሰዎች ሁሉን ነገር በልምምድ ይሆናል ማለት ይቀናቸዋልና። ልምምድ ትኩረት ይፈልጋል። ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አያተኩርም። አንድ ሰው ከኋላ መጥቶ ሲያስደነግጥሽ «እንዴ!» የምትይው በየትኛው ድምፅ ነው? ሆድሽን ይዘሽ ስትስቂስ? ሌሊት 9 ሰዓት ስልክ ጮኾ «አቤት» ስትይ? በደንብ የሠለጠኑ ደንበኞቼን የሚያስመርራቸው ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ በእግር ጣት እንደመቆም ነው ይላሉ። ግሎቶፕላስቲ የሚያበራው እዚህ ላይ ነው፤ ወለሉን ያነሳዋል። ብትደነግጪም፣ ብትስቂም፣ ወደ ድሮው ጉድጓድ አትወርጂም፤ ጉድጓዱ የለማ። ሥራሽ ስምንት ሰዓት ስልክ ላይ ስለሆነ፣ ከልምምዱ በኋላም እንደሚያስፈልግሽ ብትነግሪኝ አልገረምም።

ቁጥሩን ከፈለግሽ፣ ብዙ ጥናቶች የሚያሳዩት አማካይ ጭማሪ ከ40 እስከ 75 ሄርዝ አካባቢ ነው። አማካይ ነው። ብዙ የሚያገኝ አለ፣ ጥቂት የሚያገኝም አለ። ማንም ሐኪም «200 አደርግሻለሁ» ቢልሽ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ።

የምትከፍይው ደግሞ ይኸውልሽ። ድምፅሽ ይቀንሳል፤ መጠኑ ማለቴ ነው። የሚርገበገበው አጭር ነው፣ ጉልበቱ ያንሳል። ሙዚቃ በተከፈተበት ሬስቶራንት ተጣርተሽ አስተናጋጅ ላታስመልሺ ትችያለሽ። ሠርግ ላይ እልልታው ላይሳካልሽ ይችላል፤ አንዷ ደንበኛዬ ከሁሉም የቆጫት እሱ ነው፣ ስንት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው እልልታ። የምትዘፍኝ ከሆነ የድምፅሽ ስፋት ይጠባል። መሻከር አለ፤ ለአንዳንዶች ይጠፋል፣ ለአንዳንዶች ይቀራል። ስፌቱ ሊላቀቅ ይችላል። ሥጋ መሰል እብጠት ሊበቅል ይችላል። ለሥራው የሚገባው የብረት ቱቦ ምላስሽን ስለሚጫን ለሳምንታት መደንዘዝ ወይም የጣዕም መለወጥ ሊኖር ይችላል፤ ጥርስም ሊጎዳ ይችላል። እውነተኛ ድምፅሽ ተረጋግቶ የሚሰማው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው፤ አንዳንዴ ዓመት። በመጀመሪያው ወር የምትሰሚውን ሰምተሽ እንዳትደነግጪ። ጉንፋን የያዛት ዝይ ትመስያለሽ።

ደግሞም አንድ የዕድሜ ልክ ነገር አለ። የአየር መንገድሽ ፊት ለፊቱ ስለሚጠብ፣ ወደፊት ለሌላ ነገር ሰመመን ሲሰጥሽ የሚገባው ቱቦ ከተለመደው መቅጠን አለበት። ይህን ለማንኛውም የሰመመን ባለሙያ ንገሪ። ስልክሽ የድንገተኛ ጊዜ መረጃ ላይም ጻፊው። ትርፍ አንጀት ሊያወጣልሽ የመጣ ሰው ጉሮሮሽን ማወቅ አይችልም።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ዝምታ ነው፤ ሐኪምሽ ቀኑን ይወስናል። ዝምታ ስልሽ ዝምታ ነው። ሹክሹክታም ክልክል ነው። ጉሮሮ መጥረግ ክልክል ነው። ከባድ ዕቃ ማንሳት ክልክል ነው። ለአበሻ ደግሞ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰው ሲያወራን «አዎ፣ እየሰማሁ ነው» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምናሰማት «እህ» አለች አይደል? ያቺም ትቆጠራለች። አንዷን ታካሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ ለአሥር ደቂቃ ሳወራት አሥራ አንዴ አደረገቻት። እሷ ግን አንዴም አላልኩም ብላ በጽሑፍ ተከራከረችኝ።

የቡና ጭስና ዕጣን ከቤት ይውጣ። እንግዳ ሊጠይቅሽ ሲመጣ ቡና ልታፈላ የምትነሳዋን ዘመድ ተማጸኚ። ሚጥሚጣ ለብሶ የመጣ ጥብስ ማታ በልተሽ ወዲያው ከተኛሽ ቃሩ ሽቅብ መጥቶ ትኩሱን ስፌት ያገኘዋል። አጫሽ ከሆንሽ ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ ሳምንታት በፊት አቁሚ፤ ካላቆምሽ ብዙ ሐኪሞች ቀኑን ይሰርዙታል።

መናገር ሲፈቀድልሽ በአማርኛ አንድ ችግር አለ። «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጰ»፣ «ጸ» ፈንጂ ፊደላት ናቸው። እነሱን ለማውጣት አውታሮቹ ግጥም ብለው ይዘጋሉ፣ ማንቁርት ሽቅብ ይወጣል፣ አየሩ ይፈነዳል። እንግሊዝኛ እንዲህ አያስጨንቅም። ስለዚህ እኔ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በ«መ»፣ በ«ለ»፣ በ«ነ» እና በ«ወ» አሳልፋለሁ። «እማማ»፣ «ሎሚ»፣ «ወይን»። «ቁጭ በይ» እና «ጨርቄን» ለመጨረሻ ይቆያሉ። አሜሪካዊ ቴራፒስት ካለሽ ይህን አንቺ ንገሪው፤ እሱ አያውቀውም።

ሐኪም ስትመርጪ ዋናውን ጥያቄ ልስጥሽ። «የሠሩላቸውን ሰዎች ድምፅ ከዓመት በኋላ ያሰሙኛል?» በይ። በሳምንቱ የተቀዳ አይደለም፣ ከዓመት በኋላ። ስንት እንደሠሩ ጠይቂ። ከመቁረጣቸው በፊት አውታሮችሽን በስትሮቦስኮፒ ካሜራ፣ ማለትም የአውታሮቹን መርገብገብ አዝግሞ በሚያሳየው፣ ካላዩ አትተኚላቸው። አብሯቸው የሚሠራ የድምፅ ቴራፒስት ከሌለ እኔ ቅር ይለኛል።

ስለ ገንዘብ፣ አንቺ ሜሪላንድ ውስጥ መሆንሽ ይጠቅምሻል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የግዛቲቱ ሕግ ከጥር 1፣ 2024 ጀምሮ ሜዲኬይድ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ሰዎች ያለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ የድምፅ ቴራፒንም የድምፅ ቀዶ ሕክምናንም እንዲሸፍን አድርጓል። የግል ኢንሹራንስ ካለሽ ግን ብዙዎቹ ቴራፒውን ከፍለው ኦፕራሲዮኑን «ለውበት ነው» ብለው ይጥሉታል። በፌደራል ደረጃ ያለውም ነገር እየተለዋወጠ ነው። ስልክ ደውለሽ «ይሸፈናል» ስላሉሽ አትመኚ፤ በጽሑፍ ተቀበይ።

እናትሽ ጋ ደረስን።

ልንገራት አልንገራት የሚለውን እኔ አልወስንልሽም፤ ሙያዬም አይደለም። የማውቀው ስለ ድምፁ ነው። በልምምድ ብቻ ብትቀሪ፣ የድሮው ድምፅሽ አይጠፋም። እሑድ እሑድ ልታወጪው ትችያለሽ። አንዲት ደንበኛዬ ለሁለት ዓመት እንዲህ ኖራለች። እሑድ ከሰዓት መኪናዋ ውስጥ ትገባለች፣ መስኮት ትዘጋለች፣ ሁለት ሦስቴ ታስላለች፣ ከዚያ ወደ ቤተሰብ ትደውላለች። በኋላ በኋላ ግን ድሮው ድምፅ ራሱ እየከበዳት መጣ፤ ሰኞ ሰኞ ጉሮሮዋ ሻክሮ ነበር የምትመጣው። አንድ ቀን እናቷ «ድምፅህ ቀጠነብኝ ልጄ፣ ጉንፋን ነው?» አሏት። «አዎ እማዬ» አለች። ጉንፋኑ ከዚያ ወዲያ አልለቀቀም። እናትየው ነጭ ሽንኩርትና ማር ያዛሉ፣ እሷ «እሺ» ትላለች። ከሁለቱ ማን የትኛውን እንደሚያውቅ እኔ አላውቅም።

በኦፕራሲዮን ከሆነ ግን መኪና ውስጥ መግባት አያዋጣም። የድሮው ድምፅ የለም። «ጉሮሮዬን ታምሜ ኦፕራሲዮን ሆኜ ነው» የሚሉ አሉ። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ሙሉም አይደለም። እናቶች ደግሞ «ምን ሆንክ? ካንሰር ነው?» ብለው ሌሊት እንቅልፍ ያጣሉ። ስለዚህ ይህን ከሐኪሙ ቀጠሮ በፊት ጨርሺው።

እንደውም ቀኑ ራሱ ያስገድድሻል። ዝምታው ሁለት ሳምንት ከሆነ፣ ሁለት እሑድ አትደውይም ማለት ነው። ብትደውልልሽም አታነሺም። ለእነዚያ ሁለት እሑዶች ምን እንደምትያት ስታውቂ ጻፊልኝና ስድስቱን ወር መቁጠር እንጀምራለን።